መቀነቱ ሲጠብቅ

(ይህ ጽሑፍ አስም ላለባቸው ልጆች ወላጆች፣ አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ ትምህርት ቤት አዳራሽ ያደረግሁት ንግግር ነው። ለንባብ እንዲመች እዚህም እዚያም አስተካክዬዋለሁ።)

እንደምን አደራችሁ። ቅዳሜን የመሰለ ቀን፣ ስንት ሥራ ትታችሁ ስለመጣችሁ ከልብ አመሰግናለሁ። ልጆችም መጥታችኋል፣ ደስ ብሎኛል።

በአንዲት ኪኒን ልጀምር። ከምስር ፍሬ ብዙም አትበልጥም። ፕሮፕራኖሎል ትባላለች። አሥረኛ ክፍል ሳለሁ እናቴን ልታሳጣኝ ነበር።

እማዬ አስም አለባት። ያኔ የነበራት መድኃኒት ወደ አፍ ተነፍቶ የሚሳብ አንድ ፓፍ ብቻ ነው፤ ሳልቡታሞል፣ ብዙዎቻችሁ ቬንቶሊን የምትሉት። መቀነቷ ውስጥ ሸጉጣ ነበር የምትይዘው። ሰው ፊት አታወጣውም። ለቅሶ ቤት ተቀምጣ ትንፋሽ ሲያጥራት፣ ውኃ ልትጠጣ የተነሳች መስላ ወደ ጓዳ ትገባለች። አንዴ ሳብ፣ ሁለቴ ሳብ ታደርግና ነጠላዋን አስተካክላ ትመለሳለች። "አስም አለባት" መባልን ትፈራ ነበር።

አንድ ጥቅምት ላይ ብርዱም አቧራውም በረታባት። ፓፉን በቀን አሥር፣ አሥራ አምስት ጊዜ ትስብ ጀመር። ልቧ ድው ድው ይላል፤ ስኒ ስታነሳ እጇ ይንቀጠቀጣል። "ልቤን አሞኛል" ብላ አንድ ክሊኒክ ሄደች። የልብ ምቷን ለኩ፣ ፈጥኗል አሉ፣ ያቺን ኪኒን ሰጧት። አስም አለብሽ ወይ ብሎ የጠየቃት የለም። እሷም አልተናገረችም።

ማታ 1 ሰዓት ላይ ዋጠቻት። 2 ሰዓት ተኩል ሲሆን አልጋ ጫፍ ላይ ተቀምጣለች። ሁለት እጇን ጉልበቷ ላይ ተክላ፣ ትከሻዋ ከፍ ዝቅ ይላል። ፓፉን ሳበች። ደገመች። ስድስት ጊዜ ስትስብ ቆጥሬአለሁ። ምንም ለውጥ የለም። ያ ፓፍ ከዚያ በፊት ከድቷት አያውቅም።

ጎረቤታችን በላዳቸው አደረሱን። ድንገተኛ ክፍል የነበረው ወጣት ሐኪም "ዛሬ ምን መድኃኒት ወስደዋል?" አላት። መናገር አልቻለችም። እኔ ኪኒኗ የነበረችበትን ትንሽ ከረጢት ከኪሴ አውጥቼ ሰጠሁት። አየና ፊቱ ተለወጠ። ወዲያው ኔቡላይዘሩ ውስጥ፣ መድኃኒትን እንደ ጉም አድርጎ የሚያስተነፍሰው መሣሪያ ማለት ነው፣ ሌላ መድኃኒት እንዲጨመር አዘዘ። ኦክስጅን አደረጉላት፣ መርፌም ወጓት። ሊነጋጋ ሲል "ሻይ ነገር የለም?" አለች። ያቺን ቃል እስከ ዛሬ አልረሳትም።

ፋርማሲ ያጠናሁት በዚያች ሌሊት ምክንያት ነው። ለልብ የተሰጠች ኪኒን ደረትን እንዴት ትዘጋለች? ሁልጊዜ የሚሠራው ፓፍ ያን ማታ ለምን እምቢ አለ? ሌላው መድኃኒትስ በየት በኩል ገብቶ ከፈተው? መልሱ ሁሉ ያለው አንድ ጡንቻ ላይ ነው። ዛሬ ስለዚያ ጡንቻ ነው የምነግራችሁ።

አየር በጉሮሯችን ይወርዳል፣ ሳንባ ውስጥ ሲገባ ቧንቧው ለሁለት ይከፈላል። እያንዳንዱ ቅርንጫፍ ደግሞ ለሁለት፣ እንደገና ለሁለት እያለ እስከ 23 ጊዜ ገደማ ይከፋፈላል። መጨረሻ ላይ ያሉት ከክር ይቀጥናሉ። ታዲያ እነዚህን ቧንቧዎች ዙሪያቸውን የሚጠመጠም ጡንቻ አለ። ልሙጥ ጡንቻ ይባላል። እንደ ክንድ ጡንቻ አይታዘዝም፤ ጥበቅ ብትሉት አይጠብቅም፣ ላላ ብትሉት አይላላም። እኔ መቀነት እለዋለሁ። እናቶቻችን ወገባቸው ላይ እንደሚጠመጥሙት ያለ ነው። ሲጠብቅ ውስጡ ያለው ቧንቧ ይጠባል፤ ሲላላ ይሰፋል።

አስም በሌለበት ሰው መቀነቱ ልል ነው፤ ጭስ ቢሸተውም ትንሽ ያስለዋል እንጂ አይታነቅም። አስም ባለበት ሰው ግን ጡንቻው ይወፍራል፣ ቁጡም ይሆናል። የምጣድ ጭስ፣ የበርበሬ ሽታ፣ ብርድ፣ ሩጫ፣ ጉንፋን፣ የአልጋ አቧራ ለሱ በቂ ምክንያት ነው።

ስትገቡ ስትሮ የሰጠኋችሁ ለዚህ ነው። ልጆችና አስም ያለባችሁ ተዉት፣ ሌሎቻችሁ ብቻ ሞክሩት። አፍንጫችሁን ያዙ። በስትሮው ብቻ ተንፍሱ። ሳቡ፣ አስወጡ። ሳቡ፣ አስወጡ። አሁን ስትሮውን በጣታችሁ ግማሽ ያህል ጨፍልቁትና ድገሙት።

በቃ፣ አውጡት። አንዳንዶቻችሁ አምስተኛው ትንፋሽ ላይ አውጥታችሁታል፣ አይቻለሁ። ልጃችሁ ይህን ማውጣት አይችልም።

ቧንቧ በግማሽ ሲጠብ ትንፋሹ እጥፍ የሚከብድ ይመስለናል። ቁጥሩ ግን ሌላ ነው። የቧንቧው ወርድ (ዳያሜትሩ) በግማሽ ሲቀንስ አየሩን የሚገታው ኃይል 16 እጥፍ ይሆናል። ይህ የፊዚክስ ሕግ ነው፤ ማንም አይለውጠውም። ነገሩ በተቃራኒውም ይሠራል። መቀነቱ ትንሽ ላላ ካለ እፎይታው በጣም ትልቅ ነው። ፓፍ በደቂቃዎች ውስጥ ተአምር የሚመስለው ለዚህ ነው። የሚያታልለንም በዚሁ ነው፤ ኋላ እመለስበታለሁ።

አንድ ነገር ጣል ላድርግ። አስም ሲነሳ "አየር አልገባ አለው" እንላለን። ብዙውን ጊዜ የሚያስቸግረው ግን ማስወጣቱ ነው። ስንስብ ሳንባችን ስለሚለጠጥ ቧንቧዎቹን ወደ ውጭ ይስባቸዋል፣ ትንሽ ይሰፋሉ። ስናስወጣ ደግሞ ይጠባሉ። ስለዚህ የድሮው አየር ውስጥ ይታሰራል፤ አዲሱ የሚገባበት ቦታ ያጣል። ያ "ሲር ሲር" የሚለው ፉጨት በማስወጣት ጊዜ ጎልቶ የሚሰማው ለዚህ ነው።

እሺ፣ መቀነቱን ማን ያጠብቀዋል? አንደኛው ከአንጎል የሚወርድ ነርቭ ነው። ጫፉ ላይ አሴቲልኮሊን የሚባል ኬሚካል ጠብ ያደርጋል፣ ጡንቻው ይኮማተራል። ሌሎቹ ቧንቧው ግድግዳ ውስጥ ያሉ የመከላከያ ሴሎች ናቸው። ሲቆጡ ሂስታሚንና ሉኮትራይን የሚባሉ ነገሮችን ይረጫሉ። ሁሉም ጡንቻው ውስጥ ካልሲየም እንዲጨምር ያደርጋሉ፣ ካልሲየም ሲጨምር ጡንቻው ይጠብቃል።

የሚያላላውስ? እዚህ ላይ አንድ የሚገርም ነገር አለ። በአድሬናሊን መንገድ "ላላ" ብሎ የሚያዝ ነርቭ ወደ ጡንቻው እምብዛም አይደርስም። ጡንቻው የሚተማመነው ከኩላሊት በላይ ካለች ትንሽ ዕጢ በደም በሚመጣለት አድሬናሊን ነው። አድሬናሊን ሲደርስ ጡንቻው ላይ ያለ የቁልፍ ቀዳዳ ውስጥ ይገባል። ቀዳዳው ቤታ ሁለት ተቀባይ ይባላል። ቁልፉ ሲዞር መቀነቱ ይላላል። ሌሊት ላይ ግን አድሬናሊኑም፣ መቆጣትን የሚያበርደው የሰውነታችን ኮርቲሶልም ይቀንሳሉ። እናቶች፣ ልጃችሁ ሌሊት 9፣ 10 ሰዓት ላይ እያሳለው የሚነቃው ለዚህ ነው። ብርዱ ብቻ አይደለም።

ሳልቡታሞል የዚያ ቀዳዳ ቁልፍ ነው። የተቀረጸበት ታሪክ ሊነገር የሚገባው ነው።

በ1948 እ.ኤ.አ. ሬይመንድ አልክዊስት የተባለ አሜሪካዊ ተመራማሪ አድሬናሊን የሚገባባቸው ቀዳዳዎች ከአንድ ዓይነት በላይ መሆናቸውን አሳየ። አልፋና ቤታ ብሎ ሰየማቸው። ያኔ ለአስም የሚሰጠው አይሶፕሬናሊን የቤታን ሁሉ ቁልፍ ነበር፤ ሳንባውንም ልቡንም አብሮ ይከፍታል። በ1960ዎቹ በእንግሊዝና በሌሎች አገሮች ብርቱው አይሶፕሬናሊን በፓፍ ሲሸጥ በአስም የሚሞተው ሰው በድንገት በዛ። አንዳንዶቹ ፓፋቸውን እንደጨበጡ ተገኙ። ልብ ላይ ያደረሰው ጫና ነው የሚሉ አሉ። ሰዎቹ በጊዜያዊው እፎይታ ተማምነው ሐኪም ቤት ስለዘገዩ ነው የሚሉም አሉ። ክርክሩ ብዙ ቆየ።

በዚያው ዘመን እንግሊዝ ውስጥ፣ ዌር በምትባል ከተማ፣ ዴቪድ ጃክ የሚመራው የተመራማሪዎች ቡድን ልብን ብዙ ሳይነካ የሳንባውን ቀዳዳ የሚከፍት ቁልፍ ቀረጸ። ሳልቡታሞል ነው። በ1969 እ.ኤ.አ. ገበያ ላይ ዋለ። ጃክ በትምህርቱ ፋርማሲስት ነበር፤ ይህን የምናገረው በኩራት ነው። የማዕድን ቆፋሪ ቤተሰብ ልጅ ነው፣ ስኮትላንድ ውስጥ በ1924 የተወለደ። በዚያው ዓመት፣ እዚያው ስኮትላንድ ውስጥ፣ ጄምስ ብላክ የሚባል ሌላ ልጅ ተወለደ። ብላክ ሐኪም ሆነ። እሱ ደግሞ የፈለገው ተቃራኒውን ነው፤ ቀዳዳውን የሚደፍን መድኃኒት። ደረቱን ለሚያመው የልብ ሕመምተኛ፣ ልቡን የሚያሳርፍለት። አገኘው። በ1988 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት ካሸለሙት ሥራዎች አንዱ ይኸው ነው።

የብላክ መድኃኒት ፕሮፕራኖሎል ነው።

አሁን የእማዬ ሌሊት ይገባችኋል። ፕሮፕራኖሎል የልቡን ቀዳዳና የሳንባውን ቀዳዳ አይለይም። ሁለቱም ውስጥ ገብቶ ይቀመጣል፣ ግን አይዞርም። በር ውስጥ ተሰብሮ የቀረ ቁልፍ ታውቃላችሁ አይደል? ሌላ ቁልፍ ብታመጡም አይገባም። የራሷ አድሬናሊን መግቢያ አጣ፣ መቀነቱ ጠበቀ። ስድስት ጊዜ የሳበችው ሳልቡታሞልም እዚያው ቀዳዳ ደጃፍ ላይ ቀረ። መድኃኒቱ መጥፎ ሆኖ አይደለም፤ ለስንት ሰው ሕይወት የሆነ መድኃኒት ነው። አስም ላለበት ሰው ግን አይሰጥም።

ያ ወጣት ሐኪም በሌላ በር ሄደ። ኔቡላይዘሩ ውስጥ ያስጨመረው ኢፕራትሮፒየም ነው። ይህ መድኃኒት የቤታን ቀዳዳ አይፈልግም። ነርቩ የሚረጨው አሴቲልኮሊን ጡንቻው ላይ እንዳያርፍ ይከለክላል። "አጥብቅ" የሚለው ትእዛዝ ሲቋረጥ መቀነቱ በራሱ ይላላል። እስከ ዛሬ በከባድ የአስም ጥቃት ጊዜ ከሳልቡታሞል ጋር አብሮ የሚሰጠው ለዚህ ነው።

የዚህ መድኃኒት ዘመድ እኛ አጥር ሥር ይበቅላል። አስተናግር! አበባው ነጭ፣ ፍሬው እሾሃም የሆነው። ውስጡ አትሮፒንና መሰሎቹ አሉ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን አውሮፓ ውስጥ የዚህ ተክል ቅጠል እንደ ሲጋራ ተጠቅልሎ ለአስም ይሸጥ ነበር፤ እስከ 20ኛው አጋማሽ ድረስም በፋርማሲ ተሸጧል። አደራ፣ ማንም እንዳይሞክረው። አትሮፒን ወደ አንጎል ይገባል፣ ሰውን ያስቀባጥራል፣ ይገድላልም። ስሙን ስሙት፣ አስተናግር። ኢፕራትሮፒየም ግን ከአትሮፒን ተነስቶ ሲሠራ ወደ ደምና ወደ አንጎል በቀላሉ እንዳይዘልቅ ተደርጎ ነው የተቀረጸው። ሥራውን ሳንባ ላይ ይጨርሳል።

ቡናም ሳይነሳ አይቀርም። ሄንሪ ሳልተር የሚባል፣ ራሱ አስም የነበረበት እንግሊዛዊ ሐኪም፣ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ወፍራም ጥቁር ቡና ለአስም ጥሩ ነው ብሎ ይመክር ነበር። አልተሳሳተም። ካፌይን መቀነቱን ለጥቂት ሰዓታት ትንሽ ያላላል። የቅርብ ዘመዱ ቲኦፊሊን ነው፤ ሆስፒታል ውስጥ አሚኖፊሊን ሲባል የምትሰሙት ከሱ የተሠራ ነው። የሚጠቅመው መጠንና የሚመርዘው መጠን በጣም ስለሚቀራረቡ አሁን ብዙም አይመረጥም። ሲበዛ ያስመልሳል፣ የልብ ምት ያዛባል፣ ያንዘፈዝፋል። ቡናውን ጠጡ፣ ግን በፓፍ ቦታ አታስገቡት። የሳንባ አቅም ምርመራ ቀጠሮ ካላችሁ ደግሞ ያን ጠዋት ቡና ይቅር፣ ውጤቱን ያሳስታል።

ከመድኃኒት መደብር ጀርባ ቆሜ በየቀኑ የማየው ነገር ስላለ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። ስለ ፕሮፕራኖሎል ነገርኳችሁ፤ ለልብ ምት፣ ሆርሞን ለሚያበዛ እንቅርት፣ ለማይግሬን ይታዘዛል። ለግላኮማ፣ ለዓይን ግፊት ማለት ነው፣ የሚሰጥ ቲሞሎል የሚባል የዓይን ጠብታም አለ። ዓይን ላይ የሚጠብ ነገር ሳንባ ምን አገባው እንዳትሉ፤ በዓይን በኩል ወደ ደም ይገባል፣ ያንኑ ቀዳዳ ይደፍናል። አስፕሪን፣ ዳይክሎፌናክ፣ አይቡፕሮፌን ደግሞ አንዳንድ የአስም ሕመምተኞች ላይ ሉኮትራይን እንዲበዛ ያደርጋሉ። ሁሉም ላይ አይደለም፤ አፍንጫው ሁልጊዜ የሚደፈን ትልቅ ሰው ላይ ግን በጣም ልንጠነቀቅ ይገባል። ስለዚህ ካርድ ስታወጡ፣ ፋርማሲ ስትገቡ፣ የመጀመሪያው ቃላችሁ "አስም አለብኝ" ይሁን። ባይጠይቋችሁም ተናገሩ። እማዬ አፍራ ዝም ያለችው ነገር ነው።

አሁን ቀደም ብዬ ወዳቆየሁት ነገር ልምጣ። ዛሬ ከዚህ አዳራሽ አንድ ነገር ብቻ ይዛችሁ ብትወጡ ይህን ያዙልኝ።

መቀነቱን ማላላት አስምን ማከም አይደለም።

መቀነቱ ለምን ጠበቀ? ውስጥ ያለው የቧንቧው ግድግዳ ስለተቆጣ ነው። ቀልቷል፣ አብጧል፣ ወፍራም አክታ ያመነጫል። ሳልቡታሞል ይህን አይነካም። መቀነቱን ያላላል፣ 4 ወይም 6 ሰዓት ያህል ይቆያል፣ ይሄዳል። እብጠቱ እዚያው ነው። እያደር ይብሳል። ከላይ ግን እፎይ ስለምትሉ አይታወቃችሁም። 16 እጥፉን አስታውሱ፤ ጥቂት መላላት ብዙ እፎይታ ይሰጣል፣ ብዙ እብጠትም ይሸፍናል። ፓፍ በተደጋጋሚ ሲሳብ ደግሞ ጡንቻው ላይ ያሉት ቀዳዳዎች እየቀነሱ፣ እየደከሙ ይሄዳሉ። ያው ፓፍ ያንን ያህል አይሠራም። ያኔ ሰው ይበልጥ ይስባል።

ለረጅም ሰዓት የሚያላላ መድኃኒትም ብቻውን ከዚህ አያመልጥም። ሳልሜቴሮል 12 ሰዓት ያላላል። አሜሪካ ውስጥ 26 ሺህ ገደማ ሰዎች ላይ ተጠና። ሳልሜቴሮል ከተጨመረላቸው 13 ሰዎች በአስም ሞቱ፤ ባዶ መድኃኒት ከተሰጣቸው 3። ጥናቱ በ2003 እ.ኤ.አ. እንዲቆም ተደረገ። በኋላ እንደታየው ይኸው መድኃኒት የሚተነፈስ ስቴሮይድ በአንድ ፓፍ ውስጥ ሲጨመርለት ያ አደጋ አልታየም።

ስቴሮይዱ ነው ቁም ነገሩ። ቤክሎሜታዞን፣ ቡዴሶናይድ፣ ፍሉቲካዞን የሚባሉት። መቀነቱን አይነኩም። ግድግዳው ላይ ያለውን መቆጣት ያበርዳሉ፣ እብጠቱን ያወርዳሉ፣ የደከሙትንም ቀዳዳዎች ቁጥር መልሰው ያበዛሉ። በፓፍ የሚሳበውን ቤክሎሜታዞን በ1972 እ.ኤ.አ. ያወጣው ያው የዴቪድ ጃክ ቡድን ነው። መቀነቱን የሚያላላውን ሠርተው አላረፉም፤ ለምን እንደሚጠብቅ ደግሞ ፈለጉ።

የስቴሮይድ ፓፍ ችግሩ ወዲያው አለመሰማቱ ነው። ትስባላችሁ፣ ምንም አይለወጥም። ቀናት፣ አንዳንዴም ሳምንታት ይፈልጋል። "ይሄ አይሠራም" ብላችሁ ትተዉታላችሁ። ቬንቶሊኑ ይሠራል፣ ይታወቃል፣ እሱን ትይዛላችሁ። እዚህ ላይ ነው ሰው የሚጎዳብን። ዓለም አቀፉ የአስም መመሪያ በ2019 እ.ኤ.አ. ይህን ለውጦታል። ለአዋቂዎችና ለወጣቶች ሳልቡታሞል ብቻውን አይመከርም ተባለ። የሚመረጠው ቡዴሶናይድና ፎርሞቴሮል አንድ ላይ ያሉበት ፓፍ ነው። ፎርሞቴሮሉ ቶሎ ያላላል፣ ቡዴሶናይዱ በዚያው ያበርዳል። እያንዳንዱ እፎይታ ሕክምናውን ይዞ ይመጣል። በዋጋም በአቅርቦትም እኛ ጋ ቀላል እንዳልሆነ አውቃለሁ። ሳልቡታሞል ብቻ ካላችሁ ከጎኑ የስቴሮይድ ፓፍ እንዲታዘዝላችሁ ሐኪማችሁን ጠይቁ። ጠይቁ እንጂ አትፍሩ።

መለኪያም ልስጣችሁ። አንድ የሳልቡታሞል ፓፍ 200 ጊዜ ይነፋል። በዓመት ሦስትና ከዚያ በላይ የምትጨርሱ ከሆነ ከባድ ጥቃት የመምጣቱ ዕድል ከፍ ይላል። 12 ከደረሰ፣ በወር አንድ ማለት ነው፣ የሞት አደጋም ይጨምራል። እማዬ ያን ጥቅምት አንዱን በሁለት ሳምንት ነበር የምትጨርሰው። 200ው ካለቀ በኋላ ደግሞ ፓፉ መንፋቱን አያቆምም። የሚወጣው ጋዙ ብቻ ነው። መቁጠሪያ ከሌለው የጀመራችሁበትን ቀን ላዩ ላይ ጻፉበት።

"ፓፍ ሱስ ያስይዛል" የሚለውን ነገር ስንት ጊዜ ሰማሁት። ባለፈው ሳምንት አንድ አባት ለልጃቸው ሽሮፑ ይሻላል፣ ፓፍ ከጀመረ አይለቀውም አሉኝ። ፍርሃታቸው ከፍቅር የመጣ ነው፣ አልፈርድባቸውም። ቁጥሩን ግን አብረን እናስላው። የሳልቡታሞል ፓፍ አንዴ ሲነፋ የሚሰጠው 100 ማይክሮ ግራም ነው። አንዷ ባለ 4 ሚሊ ግራም ኪኒን 4,000 ማይክሮ ግራም አላት። ፓፉን 40 ጊዜ የመንፋት ያህል! አንድ የሻይ ማንኪያ ሽሮፕ ደግሞ፣ 2 ሚሊ ግራም ካለው፣ 20 ጊዜ የመንፋት ያህል ነው። ያ ሁሉ መድኃኒት በሆድ ገብቶ፣ በደም ዞሮ፣ ልቡን አስመትቶ፣ እጁን አንቀጥቅጦ ነው ሳንባው የሚደርሰው፤ እሱም ዘግይቶ። ፓፉ ጥቂቷን በቀጥታ ቦታው ላይ ያደርሳታል፣ በ5 ደቂቃ ውስጥ። ልጁ ደጋግሞ ፓፍ የሚፈልገው ሱስ ስለያዘው አይደለም። ግድግዳው ስለተቆጣ ነው፤ ያ ሲታከም ፓፉን ራሱ ይረሳዋል።

ልጆች፣ እናንተም የምታመሰግኑት ሰው አለ። ፓፍ የሚባለው ነገር የመጣው ከልጅ ጥያቄ ነው። በ1955 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ አስም የነበረባት የ13 ዓመት ልጅ አባቷን፣ መድኃኒቴ ለምን እንደ ፀጉር ስፕሬይ በጣሳ አይሆንም ብላ ጠየቀችው። ያኔ በላስቲክ የሚጨመቅ የመስታወት ዕቃ ነበር፣ በቀላሉ የሚሰበር። አባትየው ጆርጅ ሜይሰን የመድኃኒት ኩባንያ ኃላፊ ነበር። በዓመቱ፣ በ1956፣ ፓፉ ተሠርቶ ወጣ።

አሁን ጠረጴዛው ላይ ያለውን ሃይላንድ እዩት። ግማሽ ሊትር የውኃ ፕላስቲክ ነው። ፓፍ በቀጥታ ወደ አፍ ሲነፋ አብዛኛው መድኃኒት ጉሮሮ ላይ ይለጠፋል። ስፔሰር የሚባለው ዕቃ ይህን ይከላከላል፣ ግን ውድ ነው። በ1999 እ.ኤ.አ. የታተመ የደቡብ አፍሪካ ጥናት፣ አስም የተነሳባቸው ሕፃናት ላይ የተደረገ፣ እንዲህ ያለ የግማሽ ሊትር ፕላስቲክ በሚገባ ከታሸገ ከሚሸጠው ስፔሰር እኩል እንደሚሠራ አሳይቷል። የፎም (ፖሊስታይሪን) ስኒ ግን ከሁሉም ያነሰ ነው የሠራው፣ በሱ አትሞክሩ።

አሠራሩ ይኸው። ሃይላንዱን በዕቃ ማጠቢያ ሳሙና እጠቡት፣ በጨርቅ ሳትወለውሉ በራሱ ይድረቅ። ቂጡ ላይ በጋለ ሽቦ የፓፉን አፍ የሚያህል ቀዳዳ ብሱ። ቃጫ ወይም ፍርፋሪ እንዳይቀር። ፓፉን ሰኩትና ዙሪያውን አየር እንዳያሾልክ በፕላስተር አሽጉ። ልጁ የሃይላንዱን አፍ በከንፈሩ ግጥም አድርጎ ይይዛል። ፓፉን ነቅንቃችሁ አንዴ ትነፋላችሁ፣ እሱ ሳይቸኩል አምስት ስድስት ጊዜ ይተነፍሳል። ሁለተኛ ፓፍ ካስፈለገ እንደገና ነቅንቆ፣ ከመጀመሪያው። ሁለቱን በአንዴ አይነፉም። ስቴሮይድ ከሆነ ከዚያ በኋላ አፉን በውኃ ጉመጥመጥ አድርጎ ይትፋው፤ አለበለዚያ አፍ ውስጥ ነጭ ሻጋታ ሊያወጣ ይችላል።

ወደ ሆስፒታል መሄድ ያለባችሁ መቼ ነው? ልጁ አንድ ዓረፍተ ነገር ሳያቋርጥ መጨረስ ካቃተው፣ የጎድን አጥንቱ መሀል ወደ ውስጥ ከሰረጎደ፣ ከንፈሩ ከጠቆረ፣ ፓፉ ካልያዘለት ወይም እፎይታው ሦስት አራት ሰዓት ሳይቆይ ከተመለሰ። ፉጨቱ ድንገት ጠፍቶ ልጁ ከደከመ ደግሞ እንዳትደሰቱ። አየሩ ለማፏጨት እንኳ አልበቃም ማለት ሊሆን ይችላል። መንገድ ላይ በስፔሰሩ ፓፉን ስጡት፣ አታቁሙ።

እማዬ ዛሬ ደህና ናት። የስቴሮይዱን ፓፍ ጠዋትና ማታ ትስባለች። ሳልቡታሞሏ ቴሌቪዥኑ አጠገብ፣ ሰው በሚያየው ቦታ ተቀምጧል። መቀነቷ ውስጥ አሁን የምትቋጥረው ብር ነው።

በሉ፣ ፓፍ የያዛችሁ አውጡ። ያልያዛችሁ ከፊት ያለውን የመለማመጃ ውሰዱ፣ መድኃኒት የለውም። አንቺ፣ ግንባር የተቀመጥሽው፣ ቢጫ ሹራብ የለበስሽው፣ ነይ እስቲ ጀምሪልን። መጀመሪያ ክዳኑን ክፈቺ። ነቅንቂው። ገና ነው፣ እንዳትነፊው። አስቀድመሽ ያለሽን አየር ሁሉ ቀስ ብለሽ አስወጪ።